ራሱን የቻለ ሙያተኛ በጋሞ ምድር

ደመወዝ የሚቆርጥለት አሠሪ ሳይኖረው፣ ዕውቀቱን ለሚሻው ሁሉ በውል እያቀረበ የሚኖር የቴክኖሎጂ አማካሪ ብዙ ጊዜ የዘመናዊው ከተማ ልጅ ተደርጎ ይቆጠራል። ይሁን እንጂ አኗኗሩ ከስሙ ይልቅ የቆየ ሥር አለው። ለዚህም የጋሞ ምድር ታሪክ ጥሩ ማስረጃ ነው። ከጨንቻ ደጋ እስከ ዓባያና ጫሞ ሐይቆች ዳርቻ ባለው በዚህ አገር፣ ለራሱ የሚሠራ ባለሙያ ከዩኒቨርሲቲውም ከመሥሪያ ቤቱም በፊት ነበር። በየዘመኑ የተለዋወጠው የሙያው ዓይነት ነው፤ ኅብረተሰቡ ለባለሙያው የሚሰጠው ክብርና ዋጋ ግን ያልተቋጨ ጥያቄ ሆኖ ቆይቷል።

በቀድሞው የጋሞ ሥርዓት ገበሬው «ማላ»፣ ሸክላ ሠሪው «ማና»፣ ቆዳ ፋቂውና ብረት ቀጥቃጩ «ደጋላ» እየተባሉ ተለይተው ይኖሩ ነበር። ገበሬው የሚቆፍርበት ብረት ከቀጥቃጩ፣ ውሃ የሚቀዳበት እንስራ ከሸክላ ሠሪው እጅ ይወጣ ነበር። ቆዳ ፋቂዎቹ ከድንጋይ የተጠረበ መፋቂያ የመሥራትን ጥንታዊ ጥበብ እስከ ቅርብ ዘመን ጠብቀው በማቆየታቸው የሥነ ቁፋሮ ተመራማሪዎችን ወደ አካባቢው ስበዋል። ይህን ሁሉ ዕውቀት የያዙት ሰዎች ግን ከማላው ጋር አይጋቡም፤ በመሬት ባለቤትነት ከእርሱ እኩል አይቆጠሩም፤ «ዱቡሻ» በሚባለው የሸንጎ አደባባይም እንደ እርሱ የመምከር ሥልጣን አልነበራቸውም። ኅብረተሰቡ ያለ ሥራቸው ማደር ሳይችል ሠሪዎቹን ከማዕዱ አራቀ። ነገሩ የጋሞ ብቻ አልነበረም። በሰሜኑም ቀጥቃጩ በቡዳነት ይታማ፣ ሸማኔውም በሙያው ይሰደብ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት መድረሳቸው የችግሩን ስፋት ያመለክታል።

በጋሞ ከዚህ ንቀት ያመለጠ አንድ ሙያ ነበር፤ ይኸውም ሽመና ነው። በዶርዜ ማላው ራሱ ሸማኔ በመሆኑ ሙያው አላዋረደውም። ሴቶቹ ከቆላ የመጣውን ጥጥ ይፈትላሉ፤ ወንዶቹ ድርና ማጉን አዋድደው ሸማ ይሠራሉ። መሬቱ ለሕዝቡ እየጠበበ ሲሄድ ሸማኔው ወደ አዲስ አበባ አቀና፤ በሽሮ ሜዳና በአካባቢውም ሰፈረ። እዚያም የሸማ ዕቃው የራሱ ነው፤ ዋጋውንም ራሱ ይከራከራል። ገቢው በዓል ሲቃረብ ያድጋል፤ ክረምት ሲገባ ይቀንሳል፤ ከትርፉም ነጋዴው ድርሻውን ይወስዳል። ቢሆንም ብቻውን አልነበረም። ቀድሞ የመጣው ዘመድ አዲስ መጤውን ያስጠጋዋል፤ ሙያ ያስተምረዋል፤ ከደንበኛ ያገናኘዋል። ለመስቀል ወደ አገሩ ሲመለስም የዚህ ዝምድና ውል ይታደሳል። ነፃነቱን የተሸከመለት ይህ መተጋገዝ ነበር።

የዘመናዊው ቴክኒክ ታሪክ በሌላ መንገድ መጣ። በ1950ዎቹ አርባ ምንጭ በጨንቻ ፈንታ የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ሆነች፤ በ1979 ዓ.ም ደግሞ የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተቋቋመባት። በዚያን ጊዜ ተመራቂን የሚመድበው መንግሥት ነበር። በ1968 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 76 የግል ካፒታልን በጣሪያ ስለ ወሰነ፣ የውሃ መሐንዲስ ምክሩን የሚሰጠው በመሥሪያ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። በ1984 ዓ.ም የሽግግር ዘመኑ የኢኮኖሚ ፖሊሲ ለግል ሥራ በር ከፈተ። ኢንስቲትዩቱም በ1996 ዓ.ም ዩኒቨርሲቲ ሆነ።

በሩ ቢከፈትም በደጁ የቆመው ጥያቄ የጥንቱ ነው። ሸማኔው የሚሸጠው ዕቃ በእጅ ይዳሰሳል፤ አማካሪው የሚሸጠው ግን ገና ያልደረሰ ጉዳትን አስቀድሞ ማየት ነው። ከጋሞ ደጋ የሚወርዱት ሐሬና ኩልፎ ወንዞች የአርባ ምንጭን ሙዝ ያጠጣሉ፤ በዝናብ ወራትም ደለል ይዘው ይመጣሉ። የቦዩን ተዳፋት ለክቶ ደለሉ የሚረጋበትን ስፍራ የሚያመለክት ሰው፣ ምክሩ ከተሠራበት ምንም ስለማይደርስ ድካሙ አይታይም። ዋጋው የሚታወቀው ቦዩ ሲደፈን ነው። «ምከረው ምከረው፤ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ለዚህ ሙያ የተነገረ ይመስላል። ሕግ በበኩሉ የተወሰነ እርምጃ ወስዷል፤ የ2001 ዓ.ም የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ከቀላል ሕንፃዎች በቀር ንድፍ በተመዘገበ ባለሙያ እንዲዘጋጅ አዝዟል። ይሁንና አዋጅ ሰውን ወደ ባለሙያው ደጃፍ ያደርሰዋል እንጂ ምክሩን አያስከብርለትም።

ለራሱ የሚሠራ አማካሪ ከአንዱ ውል እስከ ሌላው ያለውን ባዶ ወር ራሱ ይችላል፤ የፈቃዱን እድሳትና ግብሩን ራሱ ይከፍላል፤ የጡረታ መዋጮ የሚጋራው አሠሪም የለውም። ክፍያ ሲዘገይበት ዋጋውን ሰብሮ ይዋዋላል፤ ዋጋውን ሲሰብር ደግሞ መስክ ወርዶ የሚለካበት ቀን ይቀነስበታል፤ ጉዳቱም በመጨረሻ ቦዩን በሚጠቀመው ገበሬ ላይ ያርፋል። ስለዚህ የሙያው ክብር ለገበሬውም ጉዳዩ ነው። ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪው ጥበብ ሳያንሳቸው ተገለሉ፤ የዶርዜ ሸማኔ ግን በሙያው ከማያፍር ወገን ተወልዶ፣ በሄደበትም የሚቀበለው ሰው ስላላጣ ለራሱ ሠርቶ መኖር ቻለ። የዛሬው አማካሪ እንዲህ ያለ የሥጋ ዘመድ በሙያው ላይኖረው ይችላል። ጀማሪውን የማስጠጋት፣ የሥራውን ዋጋ የመጠበቅና ከደንበኛ የማገናኘት ተራ እንግዲህ የሙያ ማኅበር ነው።