የወለቃ የሸክላ አንበሶችና የገላባት መንገድ

ከጎንደር ተነሥቶ በጭልጋና በገንዳ ውሃ በኩል ወደ መተማ የሚወርደው መንገድ ከገላባት ሲደርስ የሱዳን አገር ይጀምራል። ይህ ጠረፍ በታሪክ መጻሕፍት የሚነሣው በ1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ከደርቡሽ ጋራ ሲዋጉ ስለ ወደቁበት ነው። ነገር ግን በዚሁ አገር መጻሕፍት ብዙም ያላተቱለት የሌላ ወገን ታሪክ አልፎአል፤ ይኸውም የሸክላ ሠሪዎች ታሪክ ነው።

ከጎንደር ከተማ በስተ ሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኘው ወለቃ የቤተ እስራኤል መንደር ነበረች። ሌላው ሰው «ፈላሻ» ይላቸው ነበር እንጂ እነርሱ በዚህ ስም ራሳቸውን አይጠሩም። በ15ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ይስሐቅ ክርስትና ያልተነሣ ርስት አይውረስ ብለው ካወጁ ወዲህ መሬት እየራቃቸው ስለ ሄደ፣ ወንዶቹ በአንጥረኛነትና በሸማኔነት፣ ሴቶቹም በሸክላ ሥራ ይተዳደሩ ጀመር። በጎንደር ዘመነ መንግሥትም በግንበኛነት ያገለገሉ ብዙዎች ናቸው።

ሸክላው ያለ መንኰራኩር በእጅ ብቻ ይበጃል። ጭቃው ተጣርቶ ይታሻል፣ ቅርጹ ከወጣ በኋላ በለስላሳ ድንጋይ እየታሸ ይወለወላል፤ ሲደርቅም በእንጨትና በኩበት እሳት ይተኰሳል። ጥቁሩ መልክ የሚመጣው ከጭሱ ነው። ጀበናውም ምጣዱም እንስራውም የሚወጣው ከዚህ ሥራ ነበረ። ይሁን እንጂ በምጣዱ እንጀራውን የሚጋግር ጎረቤት ሠሪዋን ቡዳ ናት እያለ ይሸሻት ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር፤ ስድቡ ግን በአዋጅ አልቀረም፤ እስከ ትምህርት ቤት ግቢ ድረስ ዘልቆ የሠሪዋን ልጅ ሲያሳፍር ኖሮአል።

የእንስሳት ምስል ግን የጥንት ሥራቸው አይደለም። የኦሪት ሕግ የተቀረጸ ምስልን ስለሚከለክል፣ ምስሉ የመጣው በ20ኛው መቶ ዓመት የውጭ አገር ጎብኚዎች ወደ መንደሩ መመላለስ ሲጀምሩ ነው። ሴቶቹም ወፉን፣ ንጉሥ ሰሎሞንን ከንግሥተ ሳባ ጋራ፣ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ አንበሳውን ይሠሩ ነበር። አንበሳው የይሁዳ ምልክት ስለ ሆነ በብዙው ላይ የዳዊት ኮከብ ይታተምበታል። በወለቃ ደጋ አንበሳ በዱር አይታይም፤ በሕይወት ያለው አንበሳ የሚገኘው ከመተማ በስተ ደቡብ፣ ከሱዳን ዲንደር ጋራ በሚዋሰነው በአልጣሽ ቆላ ነው። በዚያም መኖሩ በካሜራ የተረጋገጠው በ2008 ዓ.ም. ነበር።

በ1976 እና በ1977 ዓ.ም. ረኀቡና ጦርነቱ ሲበረታ በሺህ የሚቈጠሩ የቤተ እስራኤል ሰዎች ሌሊት ሌሊት በእግር ወደ ሱዳን ወረዱ። በገዳሪፍ አጠገብ በኡም ራኩባና በተዋዋ ስደተኛ ሰፈሮች ሲቈዩ በሽታ ፈጃቸው፤ በመንገድና በሰፈር የሞቱት ወደ 4000 እንደሚደርሱ ይነገራል። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. ከ6000 የሚበልጡት በአውሮፕላን በምስጢር ወደ እስራኤል ተወሰዱ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከ14000 በላይ የሆኑት ከአዲስ አበባ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ሄዱ። ሸክላ በእግር መንገድ ተሸክመውት የሚሰደዱት ዕቃ አይደለም፤ የተሻገረው የእጁ ዕውቀት ብቻ ነበረ። በቤርሳቤህም ከመጡት መካከል ጭቃውን እንደ ገና ያነሡ ሴቶች ተገኙ።

ወለቃም ከሄዱት በኋላ ጭር ብላ አልቀረችም። ክርስቲያን ጎረቤቶች ሥራውን ያዙት፤ ፕላውሸር የተባለው የሴቶች የዕደ ጥበብ ማሠልጠኛም በዚያው ተቋቁሞ ችግረኛ ሴቶችን ሸክላና ሽመና ሲያስተምር ቈይቶአል። እነዚህ ሠሪዎች ቤተ እስራኤል አይደሉም፤ ነገር ግን በመንገዱ ዳር ለመንገደኛ የሚዘረጉት ትንንሽ ጥቁር አንበሶች የዳዊትን ኮከብ እንደ ያዙ ናቸው።