የቅጠል ጀርባው የቱ ነው?

ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ ስትሄዱ ዱከም ላይ ወረድ በሉና ከአንድ ትልቅ ባሕር ዛፍ ቅጠል ቁረጡ። የላይኛው ገጽ የቱ ነው? የታችኛውስ? የዚህ ዛፍ ቅጠል እንደ ጉትቻ ቁልቁል የተንጠለጠለ ስለሆነ ሁለቱም ጎኑ ፀሐይ ያገኛል፤ መልኩም ያው ነው። «ላይ» እና «ታች» የሚሉት ቃላት እዚህ ብዙም አይረዱም።

ይህ ጥያቄ በዕፅዋት ሳይንስ ታሪክ ውስጥ ቆየት ያለ ነው። የአውሮፓ ሊቃውንት ዕፅዋትን ሲገልጹ በላቲን «ሱፕራ» (ከላይ) እና «ሱብቱስ» (ከታች) ይሉ ነበር። የእኛም ዕፅዋት የተገለጹት በዚሁ ቋንቋ ነው። ፈረንሳዊው አሺል ሪሻር እ.ኤ.አ. ከ1847 እስከ 1851 ስለ አቢሲኒያ ዕፅዋት ትልቅ መጽሐፍ ሲያሳትም አገራችንን አላያትም። በእጁ የነበረው ኳርቲን ዲሎንና ፔቲ የተባሉ ሁለት የአገሩ ሰዎች የሰበሰቡት ደረቅ ናሙና ነበር። ሁለቱም አልተመለሱም፤ ዲሎን በትኩሳት ሞተ፣ ፔቲን ደግሞ አባይ ውስጥ አዞ ገደለው።

አሁን አስቡት፤ ወረቀት ላይ የተለጠፈ ደረቅ ቅጠል ላይና ታች የለውም። የታየው አንዱ ገጽ ብቻ ከሆነ ሌላው ተደብቆ ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ ናሙና የሚያዘጋጅ ጎበዝ ሰው ቢያንስ አንዱን ቅጠል ገልብጦ ይለጥፋል።

ሌላው አማራጭ «ዶርሱም»፣ ማለትም ጀርባ የሚለው የላቲን ቃል ነበር። ነገር ግን እሱም ግራ ያጋባል። የላም ጀርባ ወደ ሰማይ ነው፤ የቅጠል ጀርባ ግን ብዙውን ጊዜ ወደ መሬት። ይህን ሁሉ የሚያልፈው «አባክሲያል» የተባለው ቃል ነው። በላቲን «አብ» ማለት «ከ... የራቀ»፣ «አክሲስ» ማለት ደግሞ መሐል ዘንግ ነው። ዘንጉ ቅጠሉን የተሸከመው ግንድ ወይም ቅርንጫፍ ነው። እንግዲህ አባክሲያል ማለት ፊቱን ከግንዱ ያዞረ ገጽ ነው። ወደ ግንዱ የሚያየው «አዳክሲያል» ይባላል።

በእጃችሁ ሞክሩት። ሁለት መዳፎቻችሁን ለጸሎት እንደሚገጥም ሰው ግጠሙ። እምቡጥ ውስጥ ያሉ ለጋ ቅጠሎች እንዲህ ናቸው፤ መዳፋቸው ወደ ውስጥ፣ ጀርባቸው ወደ ውጭ። ቀስ ብላችሁ ወደ ጎን ዘርጓቸው። መዳፉ ወደ ሰማይ፣ የእጅ ጀርባ ወደ መሬት ሆነ አይደል? አሁን እጃችሁን ብትገለብጡትም ጀርባው ጀርባ ነው። የተንጠለጠለው የባሕር ዛፍ ቅጠልም እንዲሁ፤ ጀርባውን የሚወስነው አበቃቀሉ እንጂ አሁን የሚያይበት አቅጣጫ አይደለም። አማርኛችን «የቅጠሉ ጀርባ» ሲል ይህንኑ ይዟል።

ጀርባው ብዙ ይናገራል። ወይራን (በኦሮምኛ ኤጄርሳ) ገልብጡት፤ ፊቱ አረንጓዴ ሆኖ ሳለ ጀርባው ብዙ ጊዜ ወርቃማ ቡናማ ነው። ቆየት ያሉ የአገራችን የደን መጻሕፍት ዛፉን «ኦሊያ ክሪሶፊላ» የሚሉት ለዚህ ነው፤ በግሪክኛ «ባለ ወርቅ ቅጠል» ማለት ነው። ወርቁ ያለው ግን ጀርባው ላይ ነው! ብሳናም (በከኒሳ) ጀርባው ከፊቱ ነጣ ይላል።

ታዲያ የቃል ምርጫ ለምን ያሳስባል? ክሽክሽና ነጭ ዝንብ በቲማቲምና በቃሪያ ላይ የሚሸሸጉት በብዛት የቅጠሉ ጀርባ ላይ ነው። መመሪያው «ከቅጠሉ ሥር ርጩ» ካለ ገበሬው መድኃኒቱን አፈር ላይ ቢያፈስ ማን ይወቅሰዋል? «ከቅጠሉ በታች» ማለትም ያው ነው፤ ገንዘብ ወጥቶ ተባዩ በሰላም ይኖራል። «የቅጠሉን ጀርባ ርጩ» ከተባለ ግን የሚሳሳት የለም።

እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 2009 የተደከመበት የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት ዝርዝር የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ወደ መማሪያ መጻሕፍትና ወደ ገበሬው መመሪያ የሚመልሰው ሰው እያንዳንዱን ቃል መምረጥ ይኖርበታል። ለዚህኛው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም።

እናንተም የማታውቁትን ዛፍ ስም ለማስለየት ፎቶ ስታነሱ ሁለት አንሱ፤ አንድ ከፊቱ፣ አንድ ከጀርባው።