ሽቦው ለመብራት ነበር የተዘረጋው

ፍሪጁ ቆሞ፣ ምጣዱ ቀዝቅዞ፣ ራውተሩ ጨልሞ ቤቱ ጸጥ ሲል የምንለው አንድ ነገር ነው፦ «መብራት ጠፋ»። ቀትር ላይ ፀሐይ እያቃጠለን እንኳ የጠፋው መብራት ነው። አማርኛ በዚህ ነገር አይረሳም። ሽቦው መጀመሪያ ወደ ቤት የገባው አምፖል ለማብራት ነበር፤ ካውያው፣ ቴሌቪዥኑ፣ የስልክ ቻርጀሩ ሁሉ በኋላ የመጡ እንግዶች ናቸው።

እዚህ የማወራው ከእንግዶቹ ስለ አንዱ ነው። ዛሬ ሁለት ትንንሽ ሳጥኖች ገዝታችሁ አንዷን ራውተሩ አጠገብ፣ ሌላዋን ዋይፋይ የማይደርስበት ክፍል ውስጥ ሶኬት ላይ ብትሰኩ፣ ኢንተርኔቱ በግድግዳው ውስጥ ባለው የመብራት ሽቦ በኩል ይሄዳል። ግድግዳ መቦርቦር የለም፣ በኮሪደሩ ገመድ መጎተት የለም። ሲሰሙት በነጻ የተገኘ ነገር ይመስላል። ይህ «በነጻ» የሚለው ስሜት ነው ከመቶ ዓመት በላይ መሐንዲሶችንና ነጋዴዎችን ወደዚህ ሽቦ ሲስባቸው የኖረው። ሽቦው ተዘርግቶ አልቋል፣ ተከፍሎበታል፣ እያንዳንዱ ክፍል ገብቷል። ታዲያ ለምን ሌላ ነገር አንጭንበትም?

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ባጭሩ እንየው። ሶኬታችን ውስጥ ያለው 220 ቮልት በሰከንድ 50 ጊዜ ነው የሚመላለሰው። ለኤሌክትሪክ ይህ ዘገምተኛ ነው። በዚያው ሽቦ ላይ በሰከንድ መቶ ሺህ ወይም ሚሊዮን ጊዜ የሚርገበገብ ደካማ ምልክት ብትጭኑበት፣ ሁለቱን መልሶ መለየት ይቻላል። ከበሮ እየተመታ ዋሽንት ሲነፋ ጆሯችን የከበሮውን ወፍራም ድምፅ ከዋሽንቱ ቀጭን ድምፅ እንደሚለየው ማለት ነው። ሳጥኗ ውስጥ ያለው ማጣሪያ ከበሮውን ያስቀርና ዋሽንቱን ያሳልፋል።

ይህን ሐሳብ ለንግድ ካዋሉት ሰዎች በጣም የሚገርመኝ ጆርጅ ኦወን ስኳየር ነው። አሜሪካዊ የጦር ጄኔራል፣ ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬት ያለው፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአገሩ ጦር የመገናኛ ክፍል አዛዥ የነበረ ሰው። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ሰውየው በቁም ዛፍ ላይ ሽቦ አስሮ ዛፉን የሬዲዮ አንቴና ለማድረግ የሞከረ ነው፤ ያገኘውን ሁሉ ሽቦ ከማድረግ የማይመለስ ዓይነት። በ1910 በአንድ የስልክ መስመር ላይ ከአንድ በላይ ንግግር በአንዴ ማሳለፍ እንደሚቻል አሳየ። ዘዴውን «ባለ ሽቦ ሽቦ አልባ» ብሎ ጠራው። ስሙ ቀልድ ይመስላል እንጂ ትክክል ነው፤ የሬዲዮ ሞገድ ነው፣ ግን አየር ላይ ከመበተን ይልቅ ሽቦ ተከትሎ ይሄዳል።

በ1922 የስኳየርን የፈጠራ መብቶች ኖርዝ አሜሪካን የተባለ ግዙፍ የኤሌክትሪክ ኩባንያ ገዛና «ዋየርድ ሬዲዮ» የሚባል ድርጅት አቋቋመ። ዕቅዱ ቀላል ነበር፦ ሙዚቃና ዜና በመብራት ሽቦ ወደ ደንበኞች ቤት መላክ፣ ክፍያውንም ከመብራት ሒሳብ ጋር መሰብሰብ። በዚያ ዘመን የሬዲዮ መቀበያ ውድና አስቸጋሪ ነበር፤ ሶኬት ላይ ተሰክቶ ያለ ጣጣ የሚዘፍን ሳጥን ጥሩ ሐሳብ ነበር። ችግሩ ጊዜ ነው። ሙከራው ተስተካክሎ ለገበያ እስኪደርስ ሬዲዮ ረከሰ፣ ማስታወቂያ ወጪውን ሸፈነለት፣ ሰዉም በነጻ ማዳመጥ ለመደ። በነጻ የሚገኘውን ማን ከመብራት ሒሳቡ ጋር ይከፍላል?

ስለዚህ ድርጅቱ ፊቱን ከመኖሪያ ቤት ወደ ሆቴልና ምግብ ቤት አዞረ። በ1934 ስኳየር «ሙዚቃ» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃልና ከካሜራ አምራቹ «ኮዳክ» ስም መጨረሻ ቆርጦ አዲስ ስም ሠራለት፦ ሙዛክ። እሱ ራሱ በዚያው ዓመት ሞተ። ሙዛክ ግን የመብራት ሽቦውን ትቶ በስልክ መስመር ቀጠለ፤ በሊፍትና በገበያ አዳራሽ የሚሰማው ማንም ልብ ብሎ የማይሰማው ለስላሳ ሙዚቃ ምልክት እስከ መሆን ደረሰ።

በዚህ መሐል ቴክኖሎጂው አልሞተም። የኤሌክትሪክ ኩባንያዎች ራሳቸው ከ1920ዎቹ ጀምሮ በከፍተኛ ቮልቴጅ መስመሮቻቸው ላይ ከጣቢያ ጣቢያ ስልክ ይደዋወሉ ነበር። በትልልቅ ማከፋፈያ ጣቢያዎች መስመሩ መግቢያ ላይ በርሜል የሚያክል ጥቅል ሽቦ ተሰቅሎ ካያችሁ፣ ብዙ ጊዜ ሥራው የንግግሩ ምልክት ወዳልተፈለገበት እንዳያልፍ መዝጋት ነው። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ተማሪዎች በዶርማቸው የመብራት ሽቦ የግቢ ሬዲዮ ጣቢያ ያስተላልፉ ነበር። ሰሚው ሬዲዮኑን ሽቦው አጠገብ ማስቀመጥ ብቻ ነበር የሚጠበቅበት።

ወደ ተራ ሰው ሶኬት የተመለሰው በ1970ዎቹ፣ በስኮትላንድ ነው። ግሌንሮዘስ ከተማ የነበረው ፒኮ ኤሌክትሮኒክስ የካልኩሌተር ቺፕ የሚሠራ ድርጅት ነበር። በ1975 አሥረኛ ፕሮጀክቱን ጀመረና «ኤክስ 10» አለው፤ በመብራት ሽቦ ትእዛዝ ልኮ አምፖል የሚያበራና የሚያጠፋ። ብልሃቱ ያምራል። የመብራቱ ሞገድ ከላይ ወደ ታች ሲመላለስ በዜሮ የሚያልፍባት ቅጽበት አለች፤ በዚያች ቅጽበት ሽቦው ረጋ ይላል። ኤክስ 10 በ120 ኪሎ ኸርዝ የምትጮኸው በዚያች ክፍተት ነው፣ ለአንድ ሺኛ ሰከንድ ብቻ። ፍጥነቱ በሰከንድ 60 ቢት ገደማ ነበር። ለአምፖል ይበቃል፤ ለአንድ ፎቶ ግን ቀናት ይወስዳል። ሌላም ጉድለት ነበረው፦ አድራሻዎቹ 256 ብቻ ነበሩ፣ ምልክቱም ግድግዳ አያግደውም። ጎረቤታችሁ የእናንተኑ ኮድ ከመረጠ፣ የእሱ ሪሞት የእናንተን ሳሎን ሊያጨልም ይችል ነበር።

ይህን ልብ በሉልኝ። የመብራት ሽቦ የግል አይደለም። በቤታችሁ ያለው ገመድ ከጎረቤት ገመድ ጋር ተያይዞ ነው የሚኖረው። ይብስ ብሎ ለመልእክት አልተሠራም። የኔትወርክ ገመድ ቀዳችሁ ብታዩ ሽቦዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ተገምደዋል፤ የተገመዱት አንዱ የሚለቀውን ሌላው እንዲያጠፋው ነው። የመብራት ሽቦ ግን ጎን ለጎን ይጋደማል። ለ50 ኸርዝ ምንም አይደል። ፈጣን ምልክት ስትለቁበት ግን ሽቦው አንቴና ይሆናል።

ይህን ማንችስተር በደንብ ተማረችው። በ1997 የእንግሊዝ ሰሜን ምዕራብ የኤሌክትሪክ ድርጅት ኖርዌብና የካናዳው ኖርቴል በመብራት ሽቦ በሰከንድ 1 ሜጋ ቢት ኢንተርኔት ወደ ቤት እናስገባለን ብለው አወጁ። በስልክ ሞደም እያቃሰተ ለሚገባ ሰው ይህ ተአምር ነው። ስሌቱም ያሳምን ነበር። እንግሊዝ ውስጥ አንድ የሰፈር ትራንስፎርመር ብዙ ጊዜ ከመቶ በላይ ቤት ይመግባል፣ ስለዚህ እዚያ አንድ ሳጥን ማስቀመጥ ሰፈሩን ሁሉ ይደርሳል።

የከዳቸው የመንገድ መብራት ምሰሶ ነው። ቤቶቹ ላይ ማጣሪያ ተገጥሟል፤ ምሰሶዎቹ ግን ከዚያው የመሬት ውስጥ ገመድ ነው የሚጠጡት። ቁመታቸው ደግሞ ለተጠቀሙበት ሞገድ የተመቸ ሆኖ ተገኘ። የመንገዱ ምሰሶ ሁሉ አስተላላፊ አንቴና ሆነና የሰውን ኢንተርኔት በሬዲዮ ጩኸት መልክ ወደ ሰማይ መርጨት ጀመረ። የአጭር ሞገድ ተጠቃሚዎች፣ ከእነዚህም ቢቢሲ፣ ተቃወሙ። በ1999 ፕሮጀክቱ ተዘጋ።

አጭር ሞገድ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለእኛ አገር ሰው ማስረዳት አይከብድም። የጀርመን ድምፅንና የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ስርጭት በአጭር ሞገድ ሲያዳምጡ የኖሩ አባትና እናቶች ያሉን ነን። ዜናው ሊጀመር ሲል መርፌዋን በፀጉር ስፋት ማዞር፣ አንቴናውን ወደ መስኮት መሳብ፣ «ያን ፍሎረሰንት አጥፉት!» ብሎ መጮኽ። የፍሎረሰንቱ እዝዝታ ከቤት ውስጥ ከመጣ ተነስተህ ታጠፋዋለህ። ሰፈሩ በሙሉ፣ ሌሊትና ቀን፣ ከእያንዳንዱ ሽቦ ቢጮኽ ግን ማንን ነው የምታጠፋው?

አሜሪካኖች ከማንችስተር በኋላም ሞከሩት። በ2004 የአገሪቱ የመገናኛ ኮሚሽን በመብራት መስመር ኢንተርኔት የሚሰጡበትን ደንብ አወጣ። በቀጣዩ ዓመት ቨርጂኒያ ያለችው ማናሳስ፣ ሐበሻ በብዛት ከሚኖርባቸው የዋሽንግተን ዙሪያ ከተሞች ብዙም የማትርቅ ከተማ፣ አገልግሎቱን በከተማው ሁሉ ዘረጋች። ተቃዋሚዎቹ አማተር ሬዲዮኞች ነበሩ፤ በራሳቸው ሬዲዮ ከዓለም ጫፍ ጫፍ የሚነጋገሩ፣ አደጋ ሲመጣና ስልክ ሲቆረጥ መልእክት የሚያቀብሉ ሰዎች። (እኛም ጋ አሉ፤ ኢቲ3ኤኤ የሚባለው የክበባቸው ጣቢያ አዲስ አበባ፣ አምስት ኪሎ ነው።) ብዙ ሰው እነሱን ዕድገት የሚያደናቅፉ ሽማግሌዎች አድርጎ ነበር ያያቸው። ማኅበራቸው ግን ፍርድ ቤት ሄደ፣ በ2008 ፍርድ ቤቱ ኮሚሽኑ ደንቡን ሲያወጣ የተመረኮዘባቸውን የራሱን ባለሙያዎች ጥናቶች ከፊል ገጾች ለሕዝብ ሸፍኖ መልቀቁ ስህተት ነው አለ። ከጉዳዩ ሁሉ እኔን የሚይዘኝ ይህ ነው። ጠቡ የጀመረው በጩኸት ነው፤ ወደ ፍርድ ቤት ሲገባ ግን ሕዝብ ምን የማንበብ መብት አለው ወደሚል ጥያቄ ተለወጠ። ማናሳስ በ2010 አገልግሎቱን ለማቋረጥ ወሰነች። አሜሪካ ውስጥ አንድ ትራንስፎርመር የሚመግበው ጥቂት ቤቶችን ብቻ ስለሆነና ምልክቱ ትራንስፎርመር አልፎ በቀላሉ ስለማይሄድ፣ ነገሩ ከጅምሩም ውድ ነበር።

የሰራው ከመንገድ ወደ ቤት ያለው አይደለም፤ ከክፍል ወደ ክፍል ያለው ነው። በ2000 ዓ.ም. ኩባንያዎች ተሰባስበው ሆምፕለግ የሚባል ኅብረት መሠረቱ፣ በ2001 የመጀመሪያው መለኪያ ወጣ። ሳጥኑ ላይ በሰከንድ 14 ሜጋ ቢት ይላል፤ ቤት ውስጥ ግማሹን ካገኛችሁ ደህና ነው። ቴክኒኩ ከፍሎሪዳው ኢንቴሎን የመጣ ሲሆን፣ በአንድ ሰፊ መንገድ ከመጓዝ ይልቅ ምልክቱን በ84 ቀጫጭን መስመሮች ይበትነዋል። ሚክሰሩ ሲነሳ አሥሩ ቢበላሹ በቀሩት ይቀጥላል፤ የትኛው እንደታመመ ደግሞ ሁልጊዜ እየፈተሸ ነው። አማተሮቹ የሚነጋገሩባቸውን ድግግሞሾች ደግሞ ሆን ብሎ ጸጥ ያደርጋቸዋል፤ ይህም ከማኅበራቸው ጋር ተነጋግረው ያደረጉት ነው። ኮሚሽኑን የከሰሱት ሰዎች ከሆምፕለግ ጋር በሰላም ኖረዋል። «ዕድገት ጠል» የሚለውን ስም ለዚህ ነው የማልቀበለው።

በ2005 ቀጣዩ ትውልድ 200 ሜጋ ቢት ብሎ መጣ፣ በ2010 ነገሩ ዓለም አቀፍ መለኪያ ሆነ። ፍጥነቱ ጨመረ፣ ሽቦው ግን ያው የመብራት ሽቦ ነው። ሳጥኗን ማጣሪያ ያለው ኤክስቴንሽን ላይ ብትሰኳት፣ ያ ማጣሪያ ጩኸት መስሎት ኢንተርኔታችሁን ይበላዋል፤ ግድግዳው ላይ በቀጥታ ስኩት። ርካሽ ቻርጀር አጠገቧ ካለ ታማርራለች። አንድ ቆጣሪ ለሦስት አራት ተከራይ በሚሠራበት ግቢ ደግሞ የኤክስ 10 ጣጣ ይመለሳል፦ ሽቦው የጋራ ነው፣ ሳጥኖቹም ከፋብሪካ ሲወጡ የይለፍ ቃላቸው ተመሳሳይ ነበር። ሁለቱን ለማጣመር ያለውን ቁልፍ ተጭናችሁ የራሳችሁን ካልፈጠራችሁ፣ ጎረቤት ያንኑ ዓይነት ገዝቶ ቢሰካ በአንድ ኔትወርክ ልትገናኙ ትችላላችሁ። መብራት ሲጠፋስ? ራውተሩን በባትሪ ብታቆዩት እንኳ ሶኬት ላይ የተሰኩት ሳጥኖች ከመብራቱ ጋር ይሄዳሉ።

ሆምፕለግ ኅብረት በ2016 ሥራውን ለመዝጋት ወሰነ። ቤት ለቤት ዋይፋይ በየክፍሉ በሚቀመጡ ተደጋጋፊ ሳጥኖች ተሻሽሎ ቦታውን እየወሰደ ነበር። ቴክኖሎጂው ራሱ ግን ወደ ቀደመ ጠባዩ፣ ወደ ቀስታው ተመለሰ። ጣሊያን ከ2001 ጀምሮ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቆጣሪዎችን በመብራት ሽቦ በኩል ማንበብ ጀመረች። ፈረንሳይ ውስጥ «ሊንኪ» የሚባሉት አረንጓዴ ቆጣሪዎች ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደተጠቀማችሁ ወደ ሰፈር ትራንስፎርመሩ የሚናገሩት በዚያው ኃይል በሚመጣበት ገመድ ነው፤ በኪሎ ኸርዝ እንጂ በሜጋ ኸርዝ አይደለም፣ ምሰሶም አያስጮኹም። ግሪን ፋይ የሚባለው የሆምፕለግ ልጅ ደግሞ አውሮፓና አሜሪካ በሚሠሩበት የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጀር ገመድ ውስጥ ገብቷል። ፈጣን ቻርጀር ሲሰካ መኪናውና ማሽኑ መጀመሪያ በዚያች ቀጭን ሽቦ ይነጋገራሉ፦ ባትሪው ምን ያህል ይችላል፣ ስንት ቮልት ይፈልጋል። ኃይሉ የሚለቀቀው ከዚያ በኋላ ነው።