15 የጥያቄ ምልክት

የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተር የገባው በአንድ ጀምበር አይደለም። በ1990ዎቹ ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ አማርኛን በላቲን ፊደል የሚያስጽፍ «ሴራ» የተባለ ሥርዓት አዘጋጁ፤ ፊደሉ ራሱ ዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው።

እኛ ስንማር ጣጣው ገና አላለቀም ነበር። ሊኑክስ ሰርቨር ላይ በትውልድ ቀዬ ስም «ኩልመስክ» ያልኩት ፋይል 15 የጥያቄ ምልክት ሆኖ ታየ። «ተበላሽቷል፣ አጥፋው» ሲሉኝ አንድ ሲኒየር «ቆይ፣ እስቲ ቁጠራቸው» አለኝ።

በዩቲኤፍ 8 አንዱ ፊደላችን 3 ባይት ነው፤ 5 ፊደል፣ 15 ባይት። ስለዚህ ፋይሉ ደህና ነው፤ የጎደለው የሰርቨሩ የቋንቋ ቅንብር፣ ሎኬሉ ነው። 5 ባዶ ሳጥን ቢሆን ኖሮ ፎንት እንጭን ነበር። ሎኬሉ ሲስተካከል ኩልመስክ ተነበበ።

መምህራኖቻችን፣ ዛሬም ተማሪ «ተበላሸ» ሲላችሁ ሳያጠፋው አስቆጥሩት።