ድሬዳዋ የማን ናት?

«ይህች ከተማ የማን ናት?» የሚል ሰው ሲያጋጥምህ ለመመለስ አትቸኩል። ጥያቄው ስለ ድሬዳዋ ከሆነ ደግሞ አስቀድመህ ታሪኳን ጠይቅ።

ባቡር ከመምጣቱ በፊት ይህ ሜዳ ባዶ አልነበረም፤ የኢሳ ሶማሌና የኦሮሞ ሕዝብ ከብቱን ያሰማራበት ነበር። ስሟንም ሶማሌው በሶማልኛ፣ ኦሮሞው በኦሮምኛ ይፈታዋል። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ መጀመሪያ የታሰበው ለሐረር ነበር። ሆኖም ተራራውን መውጣት ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሆነና ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ ቀረ። በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ ሥፍራው «አዲስ ሐረር» ተባለ። መስመሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. በመሆኑ ድሬዳዋ ለዓመታት የሐዲዱ መጨረሻ ነበረች። ሸክም የሚያራግፍ፣ የሚነግድ፣ ባቡር የሚጠግን ሁሉ ተሰበሰበባት። ሐረሪው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ የመናዊው ዐረብ፣ ህንዱ፣ ግሪኩና አርመኑ መጡ። በደቻቱ ወንዝ አንደኛው ወገን ቀጥ ባሉ ጎዳናዎች የተተለመችው ከዚራ፣ በሌላኛው ወገን ገበያዋ መጋላ አደገች።

ታዲያ ይህ ሕዝብ እንዳለ ኖረን? አልኖረም። በ1967 ዓ.ም. ድርጅቶችና ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ ከባዕዳን ነጋዴዎች ብዙዎቹ ሄዱ። በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ የገጠር ቀበሌዎቿን ጨምሮ የድሬዳዋ ነዋሪ 251,864 ሲሆን፣ በ1999 ዓ.ም. 341,834 ሆነ። በሁለቱ ቆጠራዎች መካከል የሶማሌው ድርሻ ከ14 በመቶ ገደማ ወደ 24 አደገ፤ የአማራው ከ28 ገደማ ወደ 20 ወረደ፤ ኦሮሞው ግማሽ ሊሞላ ጥቂት እንደቀረው ቆየ። አስተውል! በ12 ዓመት የሚለዋወጥ ቁጥር እንዴት የባለቤትነት ማስረጃ ይሆናል?

በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ማለቂያ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ሲወስድ ጎሳ አልለየም። በ2010 ዓ.ም. ግን የሰው ልጅ ለየ፤ በከተማይቱ በተነሳ ግጭት ሕይወት ጠፋ። ጎርፉ ያልለየውን እኛ መለየታችን አያሳፍርምን?

እኔ መምህር ነኝ። አንድ ቀን ተማሪዎቼን «አያታችሁ ከየት መጡ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። አንዱ ከሐረር፣ አንዱ ከየመን፣ አንዱ ከጉራጌ አገር አለ። አንድ የኦሮሞ ልጅ ግን «የእኔ አያት ከየትም አልመጡም፤ እዚሁ ነበሩ» አለኝ። ልክ ነበር፤ አወቃቀሌን አረመው። መጤውም ነባሩም በአንድ ወንበር ተቀምጠው ከአንድ መጽሐፍ ይቀሩ ነበር።

እንግዲህ ወንድሜና እህቴ፣ መልሱ ይህ ነው፦ መሬቷ ነባር ሰው ነበራት፤ ከተማይቱን የሠራት ግን ነባሩና መጤው በአንድነት ነው። አንዱን እውነት ይዞ ሌላውን የሚክድ የጎረቤቱን ሐቅ ይበላል። የጎረቤት ሐቅ ደግሞ ተቆጥሮ የሚቀነስ አይደለም።