ቢኬ፦ ኩላሊት ውስጥ የሚያደባው ቫይረስ

ከፒያሳ ብዙ በማይርቀው ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። እኛ የሕግ ሰዎች ስለ ለጋሹ ፈቃድ አብዝተን እናወራለን፤ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ስለሚመጣው ግን ዝም።

ቢኬ የተባለው ቫይረስ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1971 በሽንቱ ውስጥ ከተገኘበት፣ ኩላሊት ከተተከለለት በሽተኛ የስም ፊደላት ነው። አብዛኞቻችንን በልጅነታችን ይዞን ኩላሊታችን ውስጥ ተኝቷል። ሰውነት የተተከለውን እንዳይገፋ የሚሰጠው መድኃኒት የመከላከል አቅምን ሲያዳክም ይነቃል። መቅኔ በተተከለላቸውም ላይ ፊኛ ያደማል፣ ኩላሊት ይጎዳል።

አስተማማኝ ማጥፊያ የለውም። ሐኪሙ መድኃኒቱን ይቀንሳል፤ ከልክ በላይ ከቀነሰ ደግሞ ሰውነት እህት የሰጠችውን ኩላሊት ይገፋል! በሽተኛው ምንም ሳይሰማው ኩላሊቱ ሊጎዳ ስለሚችል፣ የቫይረሱ የደም ምርመራ እንደ ቀዶ ጥገናው ሁሉ የሕክምናው አካል ሆኖ ወጪው ይሸፈን ባይ ነኝ።