ሳይፈቀድላቸው የደገሱት ዋንጫ

እስቲ ቀረብ በሉማ! የዛሬው ወሬዬ ስለ አራት ሴቶች ነው። ዲቦራ ግሪፊን፣ ሱ ዶሪንግተን፣ አሊስ ኩፐርና ሜሪ ፎርሳይት ይባላሉ። አራቱም ለንደን ውስጥ የሪችመንድ ሴቶች ራግቢ ክለብ ሰዎች ነበሩ። ደመወዝ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ቀን እንጀራ ፍለጋ፣ ማታ ከጭቃ ጋር ትግል።

ዓመቱንም ወሩንም በፈረንጆቹ ልቁጠርላችሁ። ወንዶቹ በ1987 የራግቢ ዓለም ዋንጫ ተጫወቱ። ለሴቶቹ ግን ያሰበላቸው አልነበረም። እነዚህ አራት ሴቶች ታዲያ ራሳችን እንደግሰዋለን ብለው ተነሡ። ዓለም አቀፉ የራግቢ ቦርድ ዕውቅና አልሰጣቸውም፤ ደህና ስፖንሰርም አጡ። እነሱ ግን ከሥራ መልስ ተሰብስበው፣ ደብዳቤ ጽፈው፣ ስልክ ደውለው፣ ሚያዝያ 1991 ላይ 12 አገሮችን ዌልስ ውስጥ፣ ካርዲፍና አካባቢዋ ሰበሰቡ። ለትኬቱም ለማደሪያውም ከኪሳቸው የከፈሉ ተጫዋቾች ብዙ ነበሩ።

አሁን ልብ ብላችሁ ስሙኝ፤ የሶቭየት ኅብረት ልጆችም መጡ። መምጣቱንስ መጡ፣ እጃቸው ላይ ግን ገንዘብ የለም። ምን ይዘው መጡ? ቮድካ፣ የዓሣ እንቁላልና የአገራቸውን ሻምፓኝ! እሱን ሸጠን እንበላለን፣ እንከርማለን ብለው ነው። ገበያው ሳይደራ የጉምሩክ ሰዎች ደረሱባቸው። በማያውቁት አገር፣ ባዶ ኪስ፣ ግጥሚያው ደግሞ ከፊታቸው! ይሄኔ የካርዲፍ ሰው ወጉን አሳየ። ወሬው ሲሰማ ነጋዴውም ተራው ሰውም ምግብም ገንዘብም አዋጣላቸው። ከዋንጫው ሁሉ ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው፤ ስሙ የትም ያልተጻፈ ሰው ነው እነዚያን ልጆች ሜዳ ያቆያቸው።

ፍጻሜው ሚያዝያ 14 ቀን ካርዲፍ አርምስ ፓርክ ሆነ፤ እንግሊዝ ከአሜሪካ። አንዷ ደጋሽ ሱ ዶሪንግተን የእንግሊዝን ማልያ ለብሳ፣ ሁለቱ ቡድኖች ተቃቅፈው በሚገፋፉበት ግፊያ የፊት መስመር መሐል ቆማ ኳስ በእግሯ ወደ ኋላ ትስባለች። ጉዱ ምን መሰላችሁ? ትውልዷ አሜሪካ ነው! የእናት አገሯ ልጆች እየገፏት፣ እሷም እየገፋቻቸው ጨዋታው አለቀ። አሜሪካ 19 ለ 6 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች።

ቦርዱ ያንን ውድድር የዓለም ዋንጫ ነበር ብሎ የተቀበለው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። በመስከረም 2025 ደግሞ በሴቶቹ ዓለም ዋንጫ ፍጻሜ እንግሊዝ ካናዳን 33 ለ 13 ስትረታ ትዊከንሃም ስታዲየም 81,885 ተመልካች ገብቶ ነበር። በዚያው ዓመት ዲቦራ ግሪፊን የእንግሊዝ ራግቢ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነች። ማኅበሩ በ1871 ከተመሠረተ ጀምሮ በዚያ ወንበር ላይ ሴት ተቀምጣ አታውቅም ነበር።